ከቱታው ላይ ያራገፍኩት

መጀመሪያ ያቃተኝ ማዛጋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ገበያው ቀዝቀዝ ብሎ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝና አፌን ከፈትኩ። ትንፋሼ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ቀኝ ጎኔን ውጋት ቀስፎ ያዘኝ። አየሩ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አልሄድ አለ። ዳቦ ልትገዛ የመጣች ጎረቤቴ አፌን እንደ ከፈትኩ ደርቄ ስታየኝ በሳቅ ፈረሰች፤ እኔም አብሬያት ልስቅ ስል ያው ቦታ እንደገና ወጋኝ። ሰው ማዛጋት የሚከለከልበት በሽታ አለ ብሎ ማን ያስባል? ብርድ ነው አልኩና ነጭ ሽንኩርት በማር በላሁበት።

ስሜ አስካለ ነው። መካኒሳ አቦ አካባቢ ዳቦ፣ ሽንኩርት፣ ሳሙና የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ወልዴ እዚያው መካኒሳ፣ የመኪና ፍሬን ሸራ የሚታደስበት ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራል። አንዲት ልጅ አለችን፤ ትዕግስት ትባላለች፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ጎናቸውን ይዘው ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ለሚዞሩ ሰዎችና ለሚያስታምሟቸው ነው። ማጽናናት አልችልበትም። ትዕግስት "እማዬ፣ አንቺ ያጽናናሽው ሰው እያለቀሰ ነው የሚወጣው" ትለኛለች። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

ከማዛጋቱ ቀጥሎ ዳገቱ መጣ። ከታክሲ መውረጃው እስከ ቤታችን ያለችው ዳገት እዚህ ግባ የምትባል አይደለችም፤ ስንት ዓመት የዘይት ጀሪካን ተሸክሜ ወጥቻታለሁ። በዚያ ሰሞን ግን መሐል ላይ መቆም ጀመርኩ። ሰው እንዳያውቅብኝ ስልኬን አውጥቼ መልእክት የማነብ እመስላለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ ቆምኩ፤ ከዚያ ሦስት ጊዜ። በቀኝ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። ኋላማ ጋደም ማለት ራሱ ቀረና ትራስ በትራስ ላይ ደራርቤ፣ ተደግፌ ማደር ጀመርኩ። ወልዴ "አስኩ፣ ያለው ትራስ ሁሉ አለቀ፤ እኔ ድንጋይ ልንተራስ?" ይለኝ ነበር። ሲቀልድ ፈርቷል ማለት ነው። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ይህን አጣዋለሁ?

ጎረቤቶቼ እንደየእውቀታቸው መከሩኝ። ምች ነው ያለች ቅጠል አመጣችልኝ። ዐይን ነው ያለችም አልጠፋችም፤ በዚህ መልኬ ማን ዐይን ይጥልብኛል ብዬ መለስኳት። አቦ ጸበል ሄጄ ተጠመቅሁ፤ ልቤ አርፎ ተመለስኩ፤ ትንፋሼ ግን እንደነበረው ነው። በመጨረሻ ትዕግስት ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ እጄን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

ሐኪሙ ጀርባዬን በጣቱ እንደ ከበሮ አንኳኳው። በግራ በኩል ድምፁ ባዶ ዕቃ ይመስላል፤ በቀኝ በኩል ከወገቤ ከፍ ብሎ ደፈነ። ራጅ አስነሳኝ። ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ "እናቴ፣ በቀኝ ሳንባዎ ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል" አለኝ። ፕሉራል ኢፊውዥን ይባላል። ሳንባችንን የሚሸፍኑ ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉ፤ በመሐላቸው ውሃ ሲጠራቀም ሳንባው ተጨምቆ መነፋት ያቅተዋል። ከዚያ ጠየቀኝ።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ሱቅ አለችኝ።"

"ሲጋራ ያጨሳሉ?"

"ኧረ ወግድ! እኔ?"

ሳቀ። ካርዱ ላይ "ነጋዴ፣ አታጨስም" ብሎ ጻፈ። ያ ጽሑፍ ለስምንት ወር አብሮኝ ዞረ።

ውሃውን በመርፌ ቀዱት። ጠረጴዛ ላይ ትራስ አቅፌ ደፋ እንድል አደረጉኝ። ጀርባዬን በቀዝቃዛ ነገር ጠረጉት። "አይሳሉ። አይንቀሳቀሱ" አለ። ማደንዘዣው ቆዳውን ያደነዝዛል። ውስጡን አይደለም። ትልቁ መርፌ ገባ። ቱቦው መውረድ ጀመረ። ፈሳሹ የቀዘቀዘ ሻይ ይመስላል። ዐይኔን ጨፈንኩ። ሳሉ መጣ። ዋጥኩት። እንደገና መጣ። ዋጥኩት። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ሲጨርሱ አንድ ሊትር ተኩል ነው አሉኝ።

ውሃው ሲመረመር የቲቢ ጀርም አልተገኘም። ሐኪሙ ግን በዚህ ዓይነት ውሃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጀርሙ እንደማይታይ፣ በአገራችን ደግሞ ሳንባ ላይ ውሃ የሚያስቋጥረው አብዛኛውን ጊዜ ቲቢ እንደሆነ አስረድቶኝ የስድስት ወር መድኃኒት አስጀመረኝ። አልፈርድበትም። እኔም ሐኪም ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ሱቅ ላላት፣ ሲጋራ ለማታውቅ የመካኒሳ ሴት ሌላ ምን ይታሰብላታል?

መድኃኒቱ ሽንትን ብርቱካን ያስመስላል፤ መጀመሪያ ቀን ደም መስሎኝ ጮኬአለሁ። ሆድ ይበጠብጣል፤ መገጣጠሚያ ያማል። ያም ይቻላል። ያልቻልኩት ሰዉን ነው። ጠዋት ጠዋት ጤና ጣቢያ መድኃኒት ልውጥ ስሄድ የሚያዩኝ ሰዎች ወሬውን አደረሱት። ዳቦዬ ማደር ጀመረ። ዕድር ላይ ወንበር ሳብ ይደረግልኝ የነበረው ወንበር ሳብ ይደረግብኝ ጀመር። ሌላውን ለምን እወቅሳለሁ፣ እኔው ራሴ ሳህኔንና ብርጭቆዬን ለይቼ፣ ትዕግስት ጉንጬን ልትስመኝ ስትመጣ ፊቴን አዞር ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ልጄን አልሳምኳትም። ኋላ እንደታወቀው ደግሞ በከንቱ።

መድኃኒቱን አንድ ቀን ሳላጓድል ጨረስኩ። በስድስተኛው ወር ዳገቷ ላይ የምቆመው አምስት ጊዜ ሆኗል። ራጅ ተነሳሁ። ውሃው ተመልሷል። ሌላ ሐኪም ነበር፤ ካርዴን ገልጦ አየና "መድኃኒቱን በትክክል ወስደዋል?" አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። መልስ ልሰጠው ፈለግሁ። ለመናደድ ግን ትንፋሽ ያስፈልጋል። እኔ ዘንድ አልነበረም። አለቀስኩ።

ለሁለተኛ ጊዜ ቀዱኝና ወደ ትልቅ ሆስፒታል፣ ወደ ሳንባ ሐኪም ላኩኝ። ተራ እስኪደርሰኝ ብዙ ቆየሁ። ከቤት አልወጣም፤ ሱቁን ትዕግስት ከሥራ መልስ ትከፍተዋለች። ተቀምጬ ጣሪያ አያለሁ። ወልዴ ከሥራ ይመጣል፣ በር ላይ ቆሞ ያየኛል፣ ይገባል። በሽታ ስም ካለው ይሰደባል፤ የእኔ ግን ስም እንኳ አልነበረውም።

የሳንባ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከልጄ ብዙም አትበልጥም። ሲቲ ስካን አስነሳችኝና ምስሉን ኮምፒውተር ላይ ደጋግማ አገላበጠች። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

"ሥራዎ ምንድን ነው እማማ?"

"ሱቅ" አልኳት። ሰልችቶኛል።

"ባለቤትዎስ?"

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። "የመኪና ፍሬን ሸራ ነው የሚሠራው" አልኳት።

"ልብሱን ማን ያጥብለታል?"

"እኔ ነኛ! ማን ሊያጥብለት ኖሯል?"

"እንዴት አድርገው እንደሚያጥቡት ይንገሩኝ።"

ነገርኳት። በኩራት ነው የነገርኳት። ለእናንተም እንደዚያው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ወርክሾፑ ውስጥ ያረጀውን ሸራ ከብረቱ ላይ ይነቅላሉ፣ አዲሱን በሪቬት ይመቱታል፣ ከዚያ ልክ እስኪገጥም በግራይንደር ይሞርዱታል። ሲጨርሱ አቧራውን በኮምፕሬሰር ይነፉታል፤ ጠረጴዛውንም፣ ልብሳቸውንም። ይህን ሁሉ ነፍተውም ቱታቸው አመድ ውስጥ የተንከባለለ ይመስላል። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ አንዳንዴ በሳምንት አንድ ቀን። በርሜሌ ውስጥ ባለችው ውሃ እንደዚያ ያለ ቱታ ብዘፈዝፍ የመጀመሪያው ሳፋ ጭቃ ሆኖ ይደፋል። ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ቱታውን ደረቁን ከግቢው አጥር ጋር እመታዋለሁ። አንድ ጊዜ በፊቱ፣ አንድ ጊዜ በጀርባው፣ ኪሱን ገልብጬ፣ እጅጌውን አራግፌ። አቧራው ብን ብሎ ሲያልቅ ነው ውሃ የሚነካው። በአንድ ሳፋ ሁለት ቱታ ይጠራልኝ ነበር። የወርክሾፑ ባለቤት ጋሽ በላቸው የወልዴን ቱታ ንጽሕና አይቶ የአምስቱንም ሠራተኞች ቱታ እየላከ ያሳጥበኝ ጀመር። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሃያ ሁለት ዓመት። ዘዴዬን ለሌሎች ሴቶችም አስተምሬአለሁ። "ብልህ ሴት ውሃ ከመንካቷ በፊት ታራግፋለች" እላቸው ነበር።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እማማ፣ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ይኖራል። ሙቀት ስለሚችል ነው የሚጨምሩት። ብዙ አገሮች ከልክለውታል፤ ገበያ ላይ ግን አሁንም ይገኛል። ሲሞረድ በዐይን የማይታይ ቀጭን ክር ይሆናል። ከትንፋሽ ጋር ገብቶ ሳንባ ላይ ይሰካል፤ አይወጣም፣ አይሟሟም። በሁለቱም በኩል የሳንባዎ ሽፋን ላይ ጠባሳ አለ፤ ፕሉራል ፕላክ እንለዋለን። እንዲህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ አስቤስቶስ በተነፈሰ ሰው ላይ ነው።"

"እኔ እኮ ወርክሾፑን ረግጬው አላውቅም" አልኳት።

"መሄድ አላስፈለገዎትም" አለችኝ። "ወደ እርስዎ ይመጣ ነበር።"

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ምን ሸሸግሁ? የተሸሸገው ከእኔ ነው። አይሸትም፣ አይቆረቁርም፣ አያስነጥስም። በንጽሕናዬ ነው የገባው። ሰነፍ ብሆን ኖሮ፣ ቱታውን ጭቃ ውሃ ውስጥ ብዘፈዝፈው ኖሮ፣ ምናልባት ዛሬ እንደ ልቤ አዛጋ ነበር። እስካሁንም ከዚህ የበለጠ የሚያናድደኝ ነገር የለም።

ወልዴንም ራጅ አስነሱት። እሱም ላይ ጠባሳ አለ፤ ትንፋሹ ግን ደህና ነው። ሐኪሟ ይህ ለምን እንደሆነ አላወቀችም፤ የአንዱ አካል እንዲህ ይሆናል፣ የአንዱ እንዲያ ነው ያለችው። ወልዴ ከሆስፒታሉ ወጥተን ቤት ስንገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ "ለአንቺ ወተት አልሰጠንሽም" አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ይህን ካልገለጽኩት አይገባችሁም። ወርክሾፑ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ደንብ አለ። አሥር ሰዓት ላይ ሥራ ይቆማል፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ አንድ ብርጭቆ ወተት ይጠጣል። ወተት አቧራን ያጥባል ይላሉ። ቀለም ቀቢውም ይህን ይላል፤ በያጁም ይህን ይላል። ወተቱ የሚመጣው ሀና ማርያም አካባቢ ዙሪያቸው ሁሉ ቤት ሲሠራበት ላሞቻቸውን ካልተዉ ገበሬዎች ቤት ነው። ጋሽ በላቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ የወተቱን ነገር አንድ ቀን አጓድሎ አያውቅም። አንዴ አንድ ደንበኛ የአፍ ጭንብል ቢያመጣላቸው "እኛ ወተት አለን" ብለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ወልዴ ያን ቀን የገባው እንዲህ ነው፦ እነሱን ወተቱ አዳናቸው፤ እኔ አቧራውን ብቻ ጠጣሁ።

በማግሥቱ ትኩስ ወተት በጆግ ይዞ መጣ። በየቀኑ ያመጣ ጀመር። ወተት አልወድም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያቅለሸልሸኛል። ፊቱን እያየሁ ግን እንዴት እምቢ እላለሁ? አፍንጫዬን ይዤ እጠጣለሁ። በቀጠሮዬ ቀን እሱ ራሱ ሐኪሟን ጠየቃት።

"ወተት ጥሩ ምግብ ነው" አለችው። "ግን ወደ ሆድ ነው የሚሄደው። አቧራው ያለው ሳንባ ውስጥ ነው። ሁለቱ አይገናኙም።"

ወልዴ ኮፍያውን አወለቀ። መልሶ አደረገው። ሃያ ሁለት ዓመት የጠጣው ወተት ምንም እንዳልሠራ ሲገባው ፊቱን አየሁት። ያን ጊዜ ከራሴ ይልቅ ለእሱ አዘንኩ።

ከዚያ ያ ቃል መጣ። ሐኪሟ አልደበቀችኝም። አስቤስቶስ የሳንባ ሽፋን ካንሰር ያመጣል፤ ሜሶቴሊዮማ ይባላል። የቋጠረው ውሃ የዚያ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ለማወቅ ባዮፕሲ ያስፈልጋል፤ ከሽፋኑ ላይ ቁራጭ ወስዶ መመርመር ማለት ነው።

ጎኔን በሱኝ። በሁለቱ የጎን አጥንቶቼ መካከል። ስነቃ ቱቦ አለ። ቱቦው ከጎኔ ወጥቶ መሬት ላይ ወዳለ ጠርሙስ ይገባል። ስተነፍስ ጠርሙሱ ውስጥ ውሃ ይንቦጫቦጫል። አምስት ቀን። መዞር የለም። ሽንት ቤት ጠርሙሴን ይዤ። ትዕግስት አጠገቤ ናት። ውጤቱ መቼ ነው? ሦስት ሳምንት። ሦስት ሳምንት ምን ይደረጋል? ምንም አይደረግም። ይጠበቃል።

ጠበቅሁ። መጸለይ ጀምሬ መሐል ላይ የምለምነው ይጠፋብኛል። ልጄ እንቁላል ቀቅላ ታጎርሰኛለች። ወልዴ ሥራ ሄዶ ይመጣል፤ ቱታውን እዚያው ሥራ ቦታ ያወልቃል። ስለሞት አልተነጋገርንም። አንድ ጊዜ ብቻ "ትዕግስት ስትዳር ትንሽ አዳራሽ ይበቃል፣ አታባክኑ" አልኩት። "አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ" አለኝና ወጥቶ ግቢ ውስጥ ቆመ።

በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሟ ወረቀቱን ይዛ መጣች። "ካንሰር አላየንም" አለች። ትዕግስት እልል ልትል ስትል ሐኪሟ እጇን አነሳች። "አላየንም ነው ያልኩት። አይመጣም ማለት አልችልም። ይህ ነገር ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። በየስድስት ወሩ እናይዎታለን። ጠባሳው አይጠፋም፤ በቀረው ሳንባዎ ግን መኖር እንችላለን።" 'እንችላለን' ማለቷን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ትዕግስት ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ። ፊቴን አላዞርኩም።

ማገገም ስል መዳን ማለቴ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር፤ ውሃው እስካሁን አልተመለሰም፣ ሳንባዬ ግን በጠባሳ ተጠቅልሎ ስለቀረ ድሮ በምተነፍሰው ልክ አልተነፍስም። ስፓይሮሜትር በሚባል የትንፋሽ መለኪያ ሲለኩኝ ትንፋሼ ዕድሜዬ ከሚጠይቀው ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሦስት ትንንሽ ኳሶች ያሉበት የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥተውኝ ትንፋሽ እየሳብኩ ኳሶቹን ማንሳት ተለማመድኩ፤ መጀመሪያ አንዷ ብቻ ትንቀሳቀስ ነበር፣ በወሩ ሁለተኛዋ ተነሳች፣ ሦስተኛዋ ግን እስከ ዛሬ እንደ እልኸኛ ባልቴት ካለችበት ንቅንቅ አላለችም። በእግሬም እንዲሁ በጥቂት በጥቂቱ ነው የጀመርኩት፤ በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ግቢው በር፣ ቀጥሎ እስከ ሥጋ ቤቱ፣ ከዚያ በአንድ እሁድ ጠዋት ወልዴ ክንዴን ይዞኝ፣ በየመብራት እንጨቱ እያረፍን፣ ማንም ሳያቸኩለን እስከ አቦ ደጅ ደረስን። ዳገቷን ሁለት ጊዜ ቆሜ እወጣታለሁ። አሁን ስቆም ስልኬን አላወጣም፤ የቆምኩት ስላመመኝ ነው፣ የሚያፍር ይፈር።

በእግሬ መውጣት ስችል ወደ ወርክሾፑ ሄድኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ልብሳቸውን ያጠብኩላቸው ሰዎች የሚሠሩበትን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ከበሩ ውጭ ቆሜ ነው ያናገርኳቸው። ወንበር አወጡልኝ፤ ጋሽ በላቸው ወተት ሊያስቀዳልኝ ተነሳ። ሐኪሟ ያለችውን ሁሉ ነገርኳቸው። ጋሽ በላቸው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና "አስካለዬ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት በዚህ አቧራ ውስጥ ነኝ፤ ይኸው አለሁ" አለኝ። ምን ልበለው? ቁሞ እያየሁት ታመሃል ልበለው? የሸራው ካርቶን ላይ ስለ አስቤስቶስ የተጻፈ ነገር የለም፤ ገልብጠን ገልብጠን አየነው። ኮምፕሬሰሩን ትተው በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠርጉ፣ ከመሞረዱ በፊት ውሃ እንዲያርከፈክፉ፣ ቱታቸውን እዚያው እንዲያወልቁ ለመንኳቸው። ሁለቱ ሰሙኝ። ሌሎቹ "እሺ" አሉኝ፤ የእሺ ዓይነቱን አውቀዋለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኔ ነገር። ወልዴም ሥራውን አልተወም። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሌላ ሙያ አያውቅም። ጠዋት ሲወጣ ዕቃውን ሲያዘጋጅ አየዋለሁ፣ አትሂድ ልለው እፈልጋለሁ፣ ምን ልንበላ ነው ብዬ እተወዋለሁ።

ከሁሉ የከበደኝን አሁን ልናገር። እኔ ስታመም የቱታው እጥበት ወደ ሐያት ሄዶ ነበር። ሐያት ከወርክሾፑ ሠራተኞች የአንዱ የሰሚር ሚስት ናት፤ ሀና ማርያም በኩል ነው የሚኖሩት። አዲስ ሙሽራ ነበረች። ያን ጊዜ ጎኔን ይዤ እቤቷ ድረስ ሄጄ አራገፉን አሳይቻታለሁ። ምርመራው፣ ባዮፕሲው፣ ጥበቃው፣ ማገገሙ ሲያልፍ አንድም ቀን ሐያት ትዝ አላለችኝም። የማስበው የራሴን ትንፋሽ ነበር። ወርክሾፑ ውስጥ ሰሚርን ሳየው ነው ድንገት የደነገጥኩት።

በዚያው ቀን በታክሲ ሄድኩ። የግቢው በር ክፍት ነው። ሐያት ሆዷ ገፍቶ፣ ሰባት ወር ይሆናታል፣ ከአጥሩ አጠገብ ቆማ ቱታ ትመታለች። አቧራው በፀሐዩ ውስጥ ይታያል።

"እትዬ አስካለ! ተሻለዎት? አልሐምዱሊላህ!" አለች። ደስታዋ ከልቧ ነው። ቱታውን አንሥታ አሳየችኝ። "እንዳሉኝ ነው የማደርገው፤ አንድ ፍሬ አቧራ አላስቀርበትም።"

ከእጇ ቀማኋት። ምን ብዬ እንደነገርኳት በደንብ አላስታውሰውም። እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

"ልጄንስ?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት።

"ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት እኮ" አለች። ልትወቅሰኝ አይደለም። ግራ ገብቷት ነው።

ትንፋሽ አጠረኝ፣ መሄድ አለብኝ አልኳትና ተነሣሁ።

ኋላ ሐኪሟን ስለ ሐያት ጠየቅኋት። አጭር ጊዜ መተንፈስ የሃያ ዓመት ያህል እንደማይጎዳ፣ ሐያት ግን ለሐኪሞቿ መንገር እንዳለባት ነገረችኝ። ለሰሚር አስተላለፍኩ። ሐያት አሁን አታጥብም። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ደህና ናቸው ይላል ሰሚር። እኔ ልጠይቃት አልሄድኩም።

እንግዲህ ምክር ከተባለ ይህን እመክራለሁ። አቧራ ያለበት ሥራ የሚሠራ ሰው ቤታችሁ ካለ ልብሱ ከሥራ ቦታው አይውጣ፤ ከወጣም ደረቁን አይራገፍ፣ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ውሃው ጭቃ ቢሆንም ጭቃ ይሁን። ቤታችሁ ሲሚንቶ የሚመስል ያረጀ የጣሪያ ክዳን ካለ ሳትጠይቁ አትስበሩት፣ አትብሱት፤ አስቤስቶስ እዚያም ውስጥ ይኖራል። ወተት ጠጡ፣ ጥሩ ነው፤ ጭንብል ግን አይሆንም። የቲቢ መድኃኒት ከተሰጣችሁ አታቋርጡ፤ ጨርሳችሁም ካልተሻላችሁ አትፈሩ፣ ሌላ ነገር ይታይልኝ በሉ። ሐኪም ሥራችሁን ሲጠይቃችሁ የራሳችሁን ብቻ አትንገሩ። የማንን ልብስ እንደምታጥቡ፣ ከማን ጋር እንደምትኖሩ ተናገሩ። እኔ ይህን ሳልናገር ስምንት ወር ጠፋብኝ።

ለሐኪሟ፣ ጥያቄውን ስለጠየቀችኝ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣት። ጠርሙሴን ሲቀይሩ "አይዞን እማማ" ይሉኝ የነበሩትን ነርሶች ስማቸውን ባላውቅም አልረሳኋቸውም። ትዕግስት ሱቁንም እኔንም ተሸክማለች። ወልዴ ያመጣልኝ የነበረውን ወተት ሁሉ ወድጄው እንዳልጠጣሁት ዛሬ እዚህ ያነበዋል፤ ፍቅሩን ግን ጠጥቼዋለሁ።

ሐያት፣ አንድ ሰው ይህን ያነብልሽ ይሆናል። ያን ቀን ይቅርታ ሳልጠይቅሽ ነው የወጣሁት። ትንፋሽ አጠረኝ ብዬሽ ነበር። ትንፋሼ ደህና ነበር።